የስደተኛው መዝገበ ቃላት

ወርኃ ጽጌ ሲገባ በለገዳዲ ያለው ብርድ ገና አይበረታም። ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ፣ ግድቡ የክረምቱን ውሃ ሞልቶ ይዞ፣ ከሰንዳፋ በኩል የሚመጣው ነፋስ የእሸቱን ሽታ እያደረሰ ሳለ፣ በየእሑዱ ሌሊት መሪጌታውና ደብተራዎቹ መቋሚያና ጸናጽላቸውን ይዘው ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ የሚታሰበው ነገር ስደት ነው፤ ሄሮድስ ሕፃናቱን ለማስፈጀት ባዘዘ ጊዜ ድንግል ልጇን አዝላ፣ አረጋዊው ዮሴፍ ስንቁን ይዞ፣ ሰሎሜም ተከትላ ወደ ግብጽ የወረዱበት የመከራ መንገድ ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ማኅሌት በሰማሁ ቍጥር፣ አምልጠው የወጡትን ብቻ ሳይሆን በቤተ ልሔም የቀሩትን፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈውን ሕፃናት ማሰቤ አይቀርም።

በጠረጴዛዬ ላይ፣ ጀርባው ተልጦ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ አዘጋጁ ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ናቸው። ይህን መጽሐፍ ከሌሎቹ የሚለየው ቃልን በቃል ተክቶ አለማለፉ ነው፤ ቃሉ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ፣ ሰው በቤቱና በገበያው እንደሚናገረው ሆኖ ስለ ተቀመጠ፣ አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ራሱ እስኪደነቅ ድረስ የገዛ ቋንቋውን በባዕድ እጅ ተጽፎ ያገኘዋል። ብዙ ዓመት በዚህ መጽሐፍ ስገለገል ደራሲው ማን እንደ ሆኑ፣ ከወዴትስ እንደ መጡ ሳልጠይቅ ኖርኩ። በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን አግኝቼ ሳነብ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1906 እንደ ተወለዱ አየሁ፤ ቀኑን ወደ እኛ አቈጣጠር ብመልሰው ኅዳር 5 ቀን 1899 ዓ.ም፣ ወርኃ ጽጌ የሚፈጸምበት ዕለት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሕይወታቸው ስደት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ይህን አጋጣሚ እንደ ተራ ነገር ላልፈው አልቻልኩም።

የተወለዱባት ከተማ ክሼፒትሴ ትባላለች፤ በፖላንድ ምድር፣ የጥቁሯን ማርያም ሥዕል ለመሳለም ሕዝበ ክርስቲያን ከየአቅጣጫው ከሚጐርፍባት ከቼንስቶሆቫ ብዙ ያልራቀች ትንሽ ከተማ ናት። ቤተሰባቸው አይሁድና እጅግ ድኾች ነበሩ፤ ሌስላውም ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ከአባትም ከእናትም ተለይተው፣ በወንድማቸው እጅ አድገው፣ ደቀ መዝሙር በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት እንደሚያድር እርሳቸውም በአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ኦሪትንና ትርጓሜዋን ተማሩ። ወደ ፖላንድ ጦር ሠራዊት ላለመግባት ሲሉ ዜግነታቸውን ትተው፣ አገር የለሽ ሆነው ወደ ቪየና ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1931 ድረስ በዚያ የሴም ልሳናትን ካጠኑ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው፣ ከማርሴል ኮኤን እግር ሥር ተቀመጡ። ማርሴል ኮኤን እ.ኤ.አ. በ1910 እና በ1911 ኢትዮጵያን ዞረው ያዩ፣ በ1936ም ስለ አማርኛ ሰዋስው ታላቅ መጽሐፍ ያሳተሙ ፈረንሳዊ ሊቅ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም በትውልዳቸው አይሁዳዊ ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስህ፤ በአውሮፓ የአማርኛና የግእዝ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የአይሁድ ሊቃውንት ስም የበዛው በአጋጣሚ አይደለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዕብራይስጥ ያነበበ ሰው ግእዝን ሲሰማ እንደ ዘመድ ድምፅ ነው የሚሰማው። እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 ድረስ የይፋጉ ተወላጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በበርሊን የምሥራቅ ልሳናት ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ኦይገን ሚትቮኽ የሚባል ወጣት አይሁዳዊ ሊቅ ከእርሳቸው ዘንድ ይማር ነበር። አለቃ ታዬ በሀገራቸው ወግ፣ የንባብ ቤት ልጅ በመምህሩ ፊት እንደሚያነበው አድርገው ግእዙን ሲያነቡለት፣ ተነሹን፣ ሰያፉን፣ ተጣዩንና ወዳቂውን እየለየ፣ ድምፁ በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚያርፍና በየትኛው ላይ እንደሚያልፍ ጻፈው። ብዙዎቹ የአውሮፓ መምህራን ግእዝን እንደ ሞተ ቋንቋ በዓይን ብቻ ሲያነቡት በነበረበት ዘመን፣ ይህ ሰው የአንድ የበጌምድር ሊቅ አንደበት እንዴት እንደሚጠራው መስማትና መመዝገብ ይገባል ብሎ ማመኑን እጅግ አከብረዋለሁ። ያን የሰማውን ነገር አከማችቶ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ግእዝ ትውፊታዊ አነባበብ በጀርመንኛ አሳተመው። ዛሬ አለቃ ታዬ የሉም፤ በንባብ ቤት የሚሰማው ሥርዓት ግን በወረቀትም ላይ አለ።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ይህ ሁሉ ሊቅነት የአይሁድን ሊቃውንት ከውርደት አላዳናቸውም። ፕሮፌሰር ሚትቮኽ እ.ኤ.አ. በ1935 አይሁዳዊ በመሆናቸው ብቻ ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ ወንበራቸው ተነሡ፤ በ1939 ወደ ለንደን ተሰደው፣ በ1942 እዚያው ዐረፉ። በበርሊን ያደገው ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍም በ1938 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ በዚያም ከእርሱ ቀድሞ ከጀርመን የወጣው ሊቅ ፖሎትስኪ መምህር ሆነው። ኡሌንዶርፍ በጦርነቱ ዘመን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በኤርትራ አገልግሎ፣ ኋላ በለንደን የኢትዮጵያ ጥናት የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ለመሆን በቅቷል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጻፉትን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል በ1976 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውም እርሱ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን የስደት ታሪክ ስደተኛ ተረጐመው።

የሌስላው መንገድ ከእነዚህ ሁሉ የጨለመ ነበር። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ አገር የለሽ ባዕድ ስለ ነበሩ የፈረንሳይ ፖሊስ ይዟቸው፣ እ.ኤ.አ. የ1939ን ክረምት ከሚስታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ጋር በፒሬኔ ተራሮች ሥር በነበረ ማጎሪያ ሰፈር አሳለፉ። የዚያ አገር ክረምት የእኛን ክረምት አይመስልም፤ ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው፣ በእንጨት ጣውላ ከተሠራ ጐጆ ውስጥ ሕፃን ታቅፎ ለሚያድር ሰው ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚረዝም መገመት አያዳግትም። ከዚያ በኤክስ ከተማ አጠገብ ሌሚል ወደሚባል ሌላ ማጎሪያ ተዛወሩ፤ ይህም ቀድሞ የሸክላ ጡብ ፋብሪካ ነበር። ከብዙ ጭንቀት በኋላ በአንድ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ማኅበር ድጋፍ የመውጫ ወረቀቱ ተገኝቶላቸው ከነቤተሰባቸው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ1942 በነሐሴና በመስከረም ወራት ከዚያው ከሌሚል ወደ 2,000 የሚሆኑ አይሁድ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ በባቡር ተጭነው በፓሪስ አጠገብ ባለው በድራንሲ በኩል ወደ አውሽቪትስ ተላኩ። በዚያ የቀሩትና ከዚያ የወጡት ሰዎች አንድ ጣራ ሥር ያደሩ፣ ከአንድ ድስት የበሉ ናቸው፤ የለያቸው አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ናት።

ስለ ቀሩት ዘመዶች ጥቂት ልበል፤ የስደተኛ ታሪክ ግማሹ የእነርሱ ነውና። በእኛ ሀገር ሰው በሩቅ አገር ሲሞት፣ ሽማግሎች ተሰብስበው፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ማለዳ ገና ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መርዶ ይረዳል፤ አስከሬኑ ባይገኝም ልብሱ ወጥቶ፣ ፎቶግራፉ ተይዞ ይለቀሳል፤ ድንኳን ተተክሎ እድሩ ይቀመጣል። ከፖላንድና ከጀርመን ላመለጡት ግን መርዶ የሚያረዳቸው አልተገኘም። ጦርነቱ አገርን ከአገር በለየበት ጊዜ፣ በጠላት ግዛት ላሉ ዘመዶች መጻፍ የሚቻለው በቀይ መስቀል ወረቀት ብቻ ነበር፤ በዚያም ላይ ከ25 ቃል በላይ መጻፍ የተከለከለ ነበረ። እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእኅቱ፣ የሚናገረው ሁሉ በሃያ አምስት ቃል ይገባ ዘንድ ግድ ሆነ፤ ደኅና ነን፣ ስለ እናንተ እናስባለን፣ ጻፉልን። መልሱ ብዙ ወራት ዘግይቶ ይመጣ ነበር፤ ከዚያም የማይመጣበት ቀን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1942 በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ወረቀቱ ተቋረጠ፤ የተቋረጠበትም ምክንያት በማግስቱ አልታወቀም፤ ለብዙዎች በ1945 እንኳ አልታወቀም። የሌስላው የትውልድ ከተማ አይሁዶች ማኅበርም ለዘመናት ከኖረበት ምድር በእነዚያ ዓመታት ጠፋ። በመላው አውሮፓ የተገደሉት 6 ሚሊዮን ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በምሥራቅ አውሮፓ ይዲሽ በተባለው ቋንቋ ይናገሩ፣ ይዘፍኑ፣ ልጆቻቸውን እሹሩሩ ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ከሰዉ ጋር የሰዉ አነጋገር አብሮ ተቀበረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእኛ አገር ስም በእነዚያ ስደተኞች ጉዳይ መነሣቱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938 የ32 መንግሥታት መልእክተኞች በፈረንሳይ በኤቪያን ተሰብስበው ስለ አይሁድ ስደተኞች ሲመክሩ፣ ሁሉም በየተራ አዘነላቸው፤ በሩን የከፈተ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በጥር 1939 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሙሶሊኒ ባደረሱት ደብዳቤ በኢትዮጵያ ደጋ መሬት ለእነርሱ መስፈሪያ ይሰጥ ዘንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሙሶሊኒም አልተቀበለውም። የሐሳቡን ቅንነት አልነቅፍም፤ ነገር ግን መሬቱ የማን እንደ ሆነ ባለቤቱ አልተጠየቀም፤ ባለቤቱ ንጉሥም ባለቤቱ ሕዝብም ያን ጊዜ አንዱ በስደት በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ ሌላው በየዱሩ በአርበኝነት ነበሩ። ስደተኛን በሌላ ስደተኛ ርስት ላይ ማስፈር ምን ዓይነት ጽድቅ ነው? ከነፃነት በኋላም በ1943 እና በ1944 አንዳንድ ሰዎች በሐረር የአይሁድ ግዛት ይቋቋም ብለው ሐሳብ አቅርበው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ሳይቀበለው ቀርቷል።

ያ ደብዳቤ ለሙሶሊኒ ከመድረሱ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አስቀድሞ፣ እኔ ካለሁበት ከዚህ አካባቢ በሰሜን በኩል፣ የሱሉልታንና የጫንጮን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው በሚደርስበት በደብረ ሊባኖስ ገዳም የሆነውን አንባቢ ያውቃል። በግንቦት 1929 ዓ.ም፣ ግንቦት 12 ቀን በሚከበረው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ሰሞን፣ ገዳሙ በበዓሉ ተሳላሚ ተሞልቶ ሳለ፣ የኢጣሊያው እንደራሴ የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱን ሰብስቦ ላጋ ወልደ በተባለው ስፍራ በመትረየስ ፈጃቸው፤ ዲያቆናቱንም በኋላ በደብረ ብርሃን አጠገብ በእንገጫ ገደላቸው። በእኔ ደጃፍ ፊት ለፊት የሚያልፈው መንገድ ወደዚያው ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው ነው። ግራዚያኒ ለአለቆቹ 297 መነኮሳትንና ቀጥሎም 129 ዲያቆናትን ማስገደሉን ጻፈ፤ ኢያን ካምቤልና ደጊፌ ገብረ ጻድቅ በኋላ ዘመን ሽማግሎቹን እየጠየቁ ባደረጉት ምርመራ ግን የሟቾቹ ቍጥር ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርስ አመለከቱ። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ቢያንስ አንድ ሺህ ያህል ሰው ነው፤ አንድ ሺህ ስም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌስላው ልመለስ። በኒው ዮርክ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ ጋፋት ቋንቋ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ጋፋት በዓባይ ዳር፣ በጎጃም በኩል ይኖር የነበረ ሕዝብ ነው፤ ቋንቋውም የአማርኛና የጉራጌኛ ዘመድ ነው። በ18ኛው ምእተ ዓመት ጀምስ ብሩስ የተባለው ተጓዥ ማኅልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ወደ ጋፋትኛ እንዲመለስለት አድርጎ ብራናውን ወደ እንግሊዝ አገር ወስዶት ስለ ነበር፣ ሌስላው ያን በኦክስፎርድ ያለውን ጽሑፍ መርምረው፣ ኢትዮጵያን በዓይናቸው ሳያዩ፣ የቋንቋውን ሰዋስው አወጡ። ነገር ግን በወረቀት ላይ የቀረ ቋንቋ አላረካቸውም። በ1946 የጉገንሃይም ድጎማ አግኝተው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ፣ ጋፋትኛ የሚናገር ሰው እንዳለ እየጠየቁ ዞሩ። ያገኙት አራት ሰዎችን ብቻ ነበር። ከእነዚያ ከአራቱ ፊት ተቀምጠው፣ ውሃን ምን ትሉታላችሁ፣ እሳትን ምን ትሉታላችሁ፣ እናትህን ስትጠራ ምን ብለህ ትጠራለህ እያሉ የጻፉት ነገር፣ ያ ቋንቋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲጠፋ ከእርሱ የቀረው ቅርስ ሆነ።

የሕዝባቸው ቋንቋ ከተናጋሪዎቹ ጋር በእሳት ካለቀ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ይህ ሰው በዚያው ጊዜ በጎጃም ደጋ የሌላ ሕዝብ የመጨረሻ ቃል እንዳይጠፋ ከሽማግሎች ፊት ተቀምጦ ይለቅማል። ይህን ያደረጉት ስለዚያ ሐዘን ነው ብዬ በእርሳቸው አፍ አልናገርም። ስለ አንድ የሚጠፋ ቃል ዋጋ ግን በዓለም ላይ እንደ እርሳቸው የተማረ ሰው አልነበረም ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ደጋግመው መጡ። ሐረሪን፣ አርጎብኛን፣ ከሁሉ ይልቅም የጉራጌን ልሳናት አጠኑ። ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ ምድር የሚሄድ ሰው ዛሬም እንደ ጥንቱ በሰበታ በኩል ነው የሚወጣው፤ ከዓለም ገና ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ሶዶ፣ በቀጥታም በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤና ወደ ቸሃ ይደርሳል። የሰበታ ሰው በየቀኑ የሚያየው ያ መንገድ ወደ ሦስት ጥራዝ የጉራጌ መዝገበ ቃላት የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት በዚህ ሥራ፣ ጉራጌው ስለ እንሰት፣ ስለ ጎጆ አሠራር፣ ስለ ቤት ዕቃው የሚናገረው ቃል ሁሉ ከግእዝ ጋር፣ ከዕብራይስጥ ጋር፣ ከዓረብኛ፣ ከሲዳምኛና ከኦሮምኛ ጋር እየተመዛዘነ ተጽፏል። አንድ ቃል ከየት መጣ ብሎ የመጠየቅ ልማድ ከእርሳቸው መጽሐፍ ተጋብቶብኝ፣ የራሴን ሰፈር ስም እንኳ ብጠይቅ፣ በኦሮምኛ «ለጋ» ወንዝ፣ «ዳዲ» ጠጅ ማለት መሆኑን፣ ለገዳዲም የጠጅ ወንዝ ማለት መሆኑን ከጎረቤቶቼ አገኘሁ። ብዙ ዓመት ውሃውን ጠጥቼ ስሙን ሳልጠይቅ ኖሬአለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ዘመዳማቾቹ ቃላት እንዲህ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ከእነርሱ አንዱን ለአንባቢ ልግለጠው። በግእዝ ዘከረ ማለት አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። በዕብራይስጥ ዛካር፣ በዓረብኛ ዘከረ፣ በጥንቱ የባቢሎን ቋንቋም ዘመዱ ዘካሩ ነው። ከዚህ ሥር እኛ ተዝካር አልን፤ ዝክር አልን፤ ቤተ መዘክር አልን። አይሁድም ከዚሁ ሥር በበዓላቸው ቀን በምኵራብ ስለ ሙታን የሚጸልዩትን ጸሎት «ይዝኮር» ብለው ጠሩት፤ በግእዝ «ይዝክር» ብንል የምንለው ነው። ከጦርነቱ የተረፉት ሰዎች በኒው ዮርክ፣ በቴል አቪቭ፣ በቦነስ አይረስ ተሰባስበው፣ የጠፋችው ከተማቸው መንገዷ፣ ገበያዋ፣ ምኵራቧ፣ መምህራኗና ሙታኗ በስም በስም የተጻፉበትን የመታሰቢያ መጽሐፍ ሲያዘጋጁም ያንኑ ስም ሰጡት። አስከሬንና መቃብር በሌለበት መጽሐፉ መቃብር ሆነ።

በእኛ ወገን ካሉት ደግሞ ይህን ጥፋት ከቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በፖላንድ በሎጅ ከተማ የተወለዱት ያዕቆብ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቤተ እስራኤል ጋር ከተዋወቁ በኋላ፣ ወጣቶችን እየመረጡ ወደ አውሮፓ ወስደው ያስተምሩ ነበር። ከእነርሱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ታምራት አማኑኤል በፓሪስና በፊረንሴ ተምረው ተመልሰው፣ በ1923 በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ፤ በወረራው ዘመን ትምህርት ቤቱ ጠፋ፤ እርሳቸውም ተሰደዱ። ስለ ቤተ እስራኤል መነኮሳትና ቅዱሳት መካናት የጻፉትን ማስታወሻ ሌስላው በ1974 አሳትመውታል፤ ሌስላው ራሳቸውም በ1951 የቤተ እስራኤልን የግእዝ መጻሕፍት፣ ትእዛዘ ሰንበትንና ሞተ ሙሴን ጨምሮ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ነበር። ከጎንደር አጠገብ ከወለቃ የወጡት ዮና ቦጋለ ደግሞ በኢየሩሳሌም ከተማሩ በኋላ በጀርመን በፍራንክፈርት ተቀምጠው ተምረዋል። ይህ ጎንደሬ ልጅ በጎዳናው የተመላለሰበት፣ በሰንበት ማዕድ የተቀመጠበት የፍራንክፈርት አይሁድ ማኅበር ከዐሥር ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ተነቀለ፤ ዛሬ በከተማው በጥንቱ የአይሁድ መካነ መቃብር ቅጥር ላይ ወደ 12,000 የሚጠጉ የሟቾች ስሞች፣ እያንዳንዱ በትንሽ ብረት ላይ ተጽፎ ይታያል። በሎጅም ናዚዎች ከ160,000 የሚበልጡ አይሁድን በአንድ ሰፈር ዘግተው፣ በ1944 በነሐሴ የቀሩትን ወደ አውሽቪትስ ወሰዷቸው።

ዮና ቦጋለ በትምህርት ሚኒስቴር አገልግለው፣ ከዚያም የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤቶችን መርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ እስራኤል ገቡ፤ በ1987ም ዐረፉ። እርሳቸው ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ ሕዝባቸው በሱዳን በረሃ በእግሩ ሲሄድ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር 4,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። የብዙዎቹ መቃብር በአሸዋ ላይ ስለ ነበር የት እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከጎንደር የወጣው ቤተሰብ በዚያ ሲቆም፣ ከሎጅ የወጣው ቤተሰብ የሚጠይቀውን ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይቆማል፤ የት ነው የቀበራችኋቸው?

የሟቹ ቀን ካልታወቀ ተዝካሩ በየትኛው ቀን ይውጣ? በእኛ ሥርዓት ዐርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ የሚቈጠረው ነፍስ ከሥጋ ከተለየችበት ዕለት ነው። በአይሁድም ልጅ ስለ አባቱ በየዓመቱ የሚጸልየው በሞተበት ቀን ነው። ስለዚህ የእስራኤል ዋና ረቢዎች የሞቱበት ቀን ስላልታወቀው ሁሉ፣ ቴቤት በሚባለው ወራቸው በዐሥረኛው ቀን፣ በአንድነት ይጸለይ ብለው ወሰኑ፤ ይህ ቀን ኢየሩሳሌም በናቡከደነፆር የተከበበችበት የጾም ቀን ነው። በዚያችው በኢየሩሳሌም በያድ ቫሼም መታሰቢያ ቤተሰቡ የጠፋበት ሰው መጥቶ በአንድ ገጽ ላይ የሟቹን ስም፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ከተማ፣ ሥራውን ይሞላል፤ ፎቶግራፍ ካለው ይጨምራል። ሥራው ከተጀመረ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ስም ተገኝቷል፤ ዛሬም ይጻፋል።

ፕሮፌሰር ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1965 በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ፤ በሎስ አንጀለስ ብዙ ዘመን አስተምረው፣ መቶ ዓመት በሞላቸው በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም በካሊፎርኒያ ዐረፉ።

እኔ የምለምነው በሱሉልታ፣ በጫንጮና በፍቼ መንገድ፣ እንዲሁም ከለገዳዲና ከሰንዳፋ እስከ ደብረ ብርሃን ያሉትን ወገኖቼን ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዶ ያልተመለሰ አጎት፣ አያት፣ የአያት ወንድም በቤታችሁ ስሙ ይነሣ እንደ ሆነ፣ እርሱን ያዩት ሰዎች አልፈዋል፤ የሰሟቸው ልጆች ግን ገና አሉ። የክርስትና ስሙን፣ የዓለም ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ መነኩሴ ወይም ዲያቆን ወይም ተሳላሚ ገበሬ መሆኑን፣ ከየትኛው አጥቢያ እንደ ወጣ በአንድ ገጽ ላይ ጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛውን ለደብረ ሊባኖስ ገዳም ስጡ፤ ከሚመጣው ግንቦት 12 በፊት ይድረስ።